ታብሌት ለያዘ ሰው የሚሰጥ መልስ

ኡትሬክት፣ ኖቬምበር 18 ቀን 2024

ለተከበሩ እትዬ ኣብርሀት
መቀሌ፣ ሓድነት

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ፣ ኬላውን አልፎ፣ ኔትወርክ አግኝቶ ይድረስዎ። እኔ ከብርዱና ከስብሰባው በቀር ደህና ነኝ።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ የደሴው ልዑልሰገድ ነኝ፤ አያትዎና አያቴ ወንድማማቾች ነበሩ። ለመጨረሻ ጊዜ የተያየነው በአክስታችን በኣበባ ሠርግ ነው። እርስዎ አዲስ አስተማሪ፣ እኔ ልቅሶ የማላቆም የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ትግርኛ እሰማለሁ እንጂ ስለማልጽፍ በአማርኛ መጻፌን ይቅር ይበሉኝ። በዚያ አስቸጋሪ ወቅት ልደውልልዎ በተደጋጋሚ አስቤ ነበር።

አሁን በአንድ የጥናት ማዕከል እሠራለሁ፤ ሞያዬ የልጆች የአእምሮ እድገት ነው። ንድፈ ሐሳቡን ባጭሩ ላስረዳዎት። አንድ የስዊስ ሊቅ እንዳሉት የልጅ አእምሮ ባለ አራት ደረጃ መሰላል ነው። በመጀመሪያው ደረጃ ሕፃኑ ዓለምን በአፉና በእጁ ያውቃል። በሁለተኛው ዓይኑን ያምናል፤ ውሃ ከሰፊ ብርጭቆ ወደ ጠባብና ረጅም ሲገለበጥ ከፍ ስላለ «በዛ» ይላል። ከሰባት ዓመት ገደማ ጀምሮ ሦስተኛው ላይ ይወጣል፤ የሚጨበጥ ነገር ከያዘ በትክክል ያስባል፣ ውሃውም ያው መሆኑን ያውቃል። ከአሥራ አንድ ወዲያ በአራተኛው ደረጃ፣ የሌለውን እንዳለ አድርጎ «እንዲህ ቢሆንስ» እያለ ያሰላል። ደረጃ መዝለል የለም።

ታዲያ ትምህርት ለዓመታት የተቋረጠባቸው ልጆች የት ላይ ቆመዋል? ሳይንስ ይህን አያውቅም። ስለ ክፍልዎ ቢጽፉልኝ ሳይንስን ያግዛሉ።

ለአያ ገብረዝጊ ልዩ ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ። የባለቤትዎ ቀልድ እስከ ዛሬ አይረሳኝም።

አክባሪዎ
ልዑልሰገድ (ዶ/ር)


መቀሌ፣ ሓድነት፣ ኅዳር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሓወይ ልዑልሰገድ፣

ወንድሜ ማለቴ ነው፤ ትሰማለህ ብለሃል። ሰላምታህ ኬላውን ሁሉ አልፎ ደርሷል፤ ለሌላውም ነገር እንዲህ ቢከፈትለት ጥሩ ነበር። ደብዳቤህ ራስጌ ላይ 2024 የሚል ሳይ ሰባት ዓመት ተኝቼ የከረምኩ መስሎኝ ደነገጥኩ። በኋላ ያንተ አቆጣጠር መሆኑ ገባኝ። እኛ እዚህ የጠፋብን ሦስት ዓመት ብቻ ነው።

«እርስዎ» እያልክ አታስረጀኝ፤ አንቺ በለኝ። «አስቸጋሪ ወቅት» ያልከው ክረምቱን ነው? አዎ፣ ዘንድሮ ጭቃው በዝቶ ነበር።

መሰላልህን ወድጄዋለሁ። የኛ ትምህርት ቤት መሰላል ግን ከወንበሮቹ ጋር ለማገዶ ሳይሄድ አልቀረም። የማስተምረው አምስተኛ ክፍል ነው፤ ሒሳብና አማርኛ። በሊቁ ስሌት ሁሉም የአሥራ አንድ ዓመት ልጆች መሆን ነበረባቸው። ፊት ለፊት የአሥር ዓመት ልጅ ተቀምጧል፤ ኋላ ላይ ጢሙን የሚላጭ አለ። የኋለኛው የፊተኛውን «ልጄ» ይለዋል፤ ልጅየውም ይታዘዘዋል።

መሐላቸው ሳሊሃ አለች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሁለተኛ ክፍልን አልጨረሰችም ነበር። አባቷ ነስረዲን ከወሎ መጥቶ ቀዳማይ ወያነ ገበያ ልባሽ ጨርቅ ይሸጣል። መስከረም ላይ መጣና በር ላይ ቆመ።

«መምህር፣ የምሰጣት ይህችን ዓመት ነው» አለኝ። «ዘንድሮ ወደ ስድስተኛ ካለፈች ትማር። ካላለፈች ሱቁ ይጠብቃታል። ከሱቁ ወዲያ ደግሞ ሊያገባት የአጎቷ ልጅ ይጠብቃታል።»

ክፉ ሰው አይደለም፤ ሲጠብቅ የሰለቸ ሰው ነው። እኔም ታልፋለች ብዬ ማልኩለት። ስለዚህ ሊቅህን ጠይቅልኝ፦ ክፍልፋይ ለእንዲህ ያለ ክፍል እንዴት ይገባል? የማልኩት እኔ ነኝ፤ ካላለፈች ግን እንዲያፍር የምፈልገው ሊቅህ ነው።

ከብርዱም ከስብሰባውም ይሰውርህ።

ኣብርሀት


ኡትሬክት፣ ዲሴምበር 20 ቀን 2024

ለምወድሽ እትዬ ኣብርሀት፣

ጤናሽ እንደ ቀልድሽ ይሁን። ደብዳቤሽን ለባልደረቦቼ ተርጉሜ አነበብኩላቸው፤ በጣም ሳቁ። ወንበሮቹ ለማገዶ ሄዱ ያልሽበት ቦታ ስደርስ አንዳንዶቹ ሰዓታቸውን አዩ። ከዚያ የሻይ ሰዓት ሆነ።

ወደ ክፍልፋይ ልምጣ። ንድፈ ሐሳቡ እንደሚለው ልጅ ክፍልፋይን በጆሮው አይማርም። እጁ ላይ የሚከፈል፣ የሚቆረስ፣ ተመልሶ የሚገጥም ነገር ስጪው። መልሱን አትንገሪው፤ ራሱ ይድረስበት። ሲሳሳት አትቆጪ። «ለምን እንዲህ አልክ?» ብለሽ ጠይቂው፤ ስሕተቱ ውስጥ አስተሳሰቡ አለ። የምንመዝነው መልሱን ሳይሆን ምክንያቱን ነው።

የሚያደርጉትን ጽፈሽ ላኪልኝ። ከተቻለም የክፍሉን ፎቶ ጨምሪበት፤ ለምናቀርበው የጥናት መነሻ ሐሳብ ያስፈልጋል።

አያ ገብረዝጊ እንዴት ናቸው? ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

ወንድምሽ
ልዑልሰገድ


መቀሌ፣ ሓድነት፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሓወይ ልዑልሰገድ፣

እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ አደረሰህ፤ እዚያ በረዶውን ባርከው ይረጯችሁ እንደሆነ አላውቅም።

ምክርህን በተግባር አዋልኩ። ለገና ከጋገርኩት አንድ ሕምባሻ ይዤ ክፍል ገባሁ፤ እንደ ደንቡ ፊቱ ላይ ስምንት ቦታ የተመተረ። የሊቅህን መንፈስ ጠርቼ «አንድ ስምንተኛውን ማን ያሳየኛል?» አልኩ። ያልወጣ እጅ የለም። የመጀመሪያው ልጅ አሳየኝ፤ በአፉ። ሁለተኛውም እንዲሁ። ይህ ባንተ መሰላል አንደኛው ደረጃ ነው። ስለ ሦስት ስምንተኛ ልጠይቅ ስል ክፍልፋዩ አልቆ፣ ሙሉ ቁጥር ሆና የቀረችው መምህርቷ ብቻ ነበረች።

በማግስቱ የማይበላ ነገር አመጣሁ፤ የለስላሳ ቆርኪ። እውነቱን ልንገርህ፣ ሠራ። ሲደረድሩ፣ ሲከፍሉ፣ ሲጣሉ ዋሉ። ባለጢሙ ልጅ ሦስት ስምንተኛና ሁለት ስምንተኛ ደምሮ አምስት አሥራ ስድስተኛ አለ፤ ላዩንም ታቹንም ደምሮ። ልቆጣው አፌን ስከፍት ምክርህ ትዝ አለኝና «ለምን?» አልኩት። እሱ ሳይመልስ ሳሊሃ ቀደመችው።

«አንተ ደግሞ! ሕምባሻው እኮ ያው አንድ ሕምባሻ ነው። የበዛው የበላነው ነው እንጂ ሕምባሻው መች በዛ?»

ሃያ ስምንት ዓመት ሳስተምር እንዲህ አድርጌ አስረድቼው አላውቅም። በመንፈቅ ዓመቱ ፈተና አንደኛ ወጣች። ነስረዲን ውጤቷን ገልብጦ፣ ጀርባውንም አይቶ፣ «ይሁን» አለ። ይህ ከሱ አፍ ምርቃት ነው።

ስለዚህ ሊቅህን አመስግንልኝ። ፎቶ አልላክሁም፤ ስልኬን ሳወጣ ሁሉም እንደ ሐውልት ይደርቃሉ።

ዕድሜና ጤና ለአንተ፤ ቆርኪ ለእኔ።

ኣብርሀት


ኡትሬክት፣ ፌብሯሪ 27 ቀን 2025

የተወደድሽ እትዬ ኣብርሀት፣

በደስታ ተሞልቼ ነው የምጽፍልሽ። የሕምባሻውን ታሪክ ለኃላፊዎቼ ባቀረብኩ ጊዜ ጥናቱ ተፈቀደ! መቀሌም ከተመረጡት ከተሞች አንዷ ሆነች፤ ባንቺ ምክንያት ያንቺ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ነው። በመጋቢት አንድ ወጣት መዛኝ ታብሌት ይዞ ይመጣል። እያንዳንዱን ልጅ የብርጭቆውንና ሌሎች ጥቂት ጥያቄዎች ይጠይቃል። ውጤቱ ለሚመለከተው ቢሮ ይሰጥና ልጆቹ በዕድሜያቸው ሳይሆን በአእምሮ ደረጃቸው ይመደባሉ። እንደ ሳሊሃ ላለች ልጅ ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ ምናልባት ከስድስተኛም አልፋ ልትመደብ ትችላለች።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። ለልጆቹ ምንም እንዳትነግሪያቸው። ፈተናው ለምን እንደሆነ፣ ምን እንደሚያስከትል ማወቅ የለባቸውም። ካወቁ ውጤቱ ይበላሻል።

ለአያ ገብረዝጊ የተለመደው ሰላምታዬ ይድረስ።

ወንድምሽ
ልዑልሰገድ


መቀሌ፣ ሓድነት፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሓወይ ልዑልሰገድ፣

ዛሬ ምርቃቱን ከመጨረሻው ላይ ፈልገው፤ መጀመሪያ የምነግርህ ነገር አለ።

ወጣትህ መጣ። ትሑት ልጅ ነው፤ ጫማውን ጠርጎ ነው የገባው። ታብሌት፣ ሁለት ብርጭቆና አንድ እሽግ የታሸገ ውሃ ይዟል። የቧንቧ ውሃ ካየን ሦስተኛ ሳምንታችን ስለነበር ልጆቹ ከሁሉ በፊት ያዩት እሽጉን ነው። አደራህን ጠብቄ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ጥግ ላይ እንድቀመጥ ተፈቀደልኝ።

ባለጢሙ መጀመሪያ ገባ። ውሃው ከሰፊው ወደ ረጅሙ ተገለበጠ።

«የትኛው ይበልጣል?»

«ረጅሙ።»

ሁለተኛው ገባ። «ረጅሙ።» ሦስተኛውም። ጭንቅላቴን ይዤ ሳሊሃን ጠበቅኩ። ገባች። ታብሌቱን አየች፣ እኔን አየች፣ ብርጭቆውን አየች።

«ረጅሙ ይበልጣል ጋሼ።»

«ለምን?»

«ረጅም ስለሆነ።»

ፊቷን ብታየው! ጣቷን አፏ ውስጥ ለመክተት ምንም አልቀራትም። ወጣትህ እያዘነ ታብሌቱን ነካ፣ ነካ አደረገ። ሲጨርስ የብርጭቆውን ውሃ በመስኮት ደፋው። ክፍሉ በሙሉ በአንድ ድምፅ «እዋይ!» ብሎ የጮኸው ያኔ ብቻ ነው። በዚያን ሰዓት ስንት ውሃ እንደፈሰሰ ብትጠይቃቸው በጠብታ ይነግሩህ ነበር።

ውጤቱ በሳምንቱ መጣ። ከጥቂት ሕፃናት በቀር የአምስተኛ ክፍል ልጆቼ አእምሮ የአምስት ዓመት ሆነ። ከጓሮ በድንኳን «የመነሻ ክፍል» ተከፈተላቸው፤ ከስድስት ዓመት ልጆች ጋር። ሳሊሃ እዚያ ትንሽ ወንበር ላይ ጉልበቷ ከጆሮዋ ጋር ተካክሎ ተቀምጣ «ሀ ሁ» ትላለች። የመነሻ ክፍል ተማሪ ደግሞ ለስድስተኛ አይፈተንም። ነስረዲን ሰምቷል። እስካሁን የመጣው ለመጠየቅ ነው፤ በሚቀጥለው የሚመጣው ልጁን ለመውሰድ ነው።

በመጀመሪያው ቀን እረፍት ላይ ከድንኳኑ ጀርባ ያዝኳት።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ነክቶሽ ነው? ውሃው ያው መሆኑ ጠፍቶሽ ነው?»

«ኧረ መምህር! ከዚህኛው ወደዚያኛው ሲገለብጥ እያየሁት?»

«ታዲያ?»

«ሰውየው ታብሌት ይዟላ።»

«ይይዛላ!»

«ታብሌት የያዘ ሰው ‹ደህና ነኝ› ላለው ሰው ምንም ሰጥቶ አያውቅም።»

ከዚያ ነገረችኝ። በዚያ ክረምት ባልሆነው «አስቸጋሪ ወቅት»፣ ታናሽ ወንድሟን አዝላ ረሃብ የጎዳቸውን ለመለየት የሕፃናት ክንድ በባለቀለም ሪባን ወደሚለካበት ቦታ ሄደች። ሪባኑ ቀይ ላይ ለቆመ ልጅ ብስኩትና የለውዝ ቅባት ይሰጣል። የወንድሟ ክንድ አረንጓዴው ላይ ቆመ፤ ለጥቂት። ታብሌት የያዘው ሰው «ጎበዝ፣ ደህና ነው» አላቸውና ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። በማግስቱ የጎረቤት ልጅ ቀይ ሆኖ ሙሉ ካርቶን ይዞ ገባ። እናቷም «በሉ ልጆቼ፣ ደህና መሆን እንደሚያስርብ እወቁ» አለቻቸው።

«ስለዚህ ወረፋው ላይ ለሁሉም ነገርኳቸው» አለችኝ። «አወቅን ካልን ‹ደህና ናቸው› ብሎ ይሄዳል። አላወቅንም ካልን ግን ይመዘግበናል። ጥሩ አላደረግኩም?»

ምን ልበላት? ምን እንደሚያስከትል እንዳልነግራት አደራ ብለኸኛል፤ እኔም አደራ ጠባቂ ነኝ። ስላልነገርኳት ራሷ ገመተች።

አሁን አንተ ፍረድ። «እውነቱን ብል እንዲህ ይለኛል፤ እንዲህ ካለኝ ይህ ይቀርብኛል፤ ስለዚህ እውነቱን ትቼ ልሳሳት።» ይህ የአምስት ዓመት አእምሮ ነው? የሌለውን እንዳለ አድርጎ ማሰላሰል ብለህ የጻፍክልኝ አራተኛው ደረጃ ይህ አይደለም? ልጆቹ የመሰላሉ ጫፍ ላይ ቆመው ነው «ታች ነን» ያሉህ። የምንመዝነው ምክንያቱን ነው ያልከኝም አንተ ነህ። ምክንያቱ ይኸው።

ቢሮው ሄጄ ነበር። ሰውየው ጨዋ ነው፤ «መምህር፣ እኔ ከታብሌት ጋር አልከራከርም» አለኝ። ውጤቱን ማስነሳት የሚችለው የጥናቱ ባለቤት ብቻ ነው፤ አንተ ማለት ነው። አንድ መስመር ጻፍ፦ «ይህ ክፍል እንደገና ይመዘን።» በዚህኛው ልጆቹ ምን እንደሚያስከትል ይነገራቸው። የስድስተኛ ማለፊያ ፈተናው ምዝገባ እስከ ግንቦት መጨረሻ ነው።

ምርቃቱ ይኸው፦ የምትጽፋትን አንዲት መስመር እግዚአብሔር ያቅልልህ።

ኣብርሀት


ኡትሬክት፣ ጁን 16 ቀን 2025

ለተከበሩ ወ/ሮ ኣብርሀት
መቀሌ

ሰላምታዬን በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ። መልሴ የዘገየው በዓለም አቀፍ ጉባኤ ዝግጅት ምክንያት ስለሆነ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

ያቀረቡት ምልከታ እጅግ ማራኪ ነው። ነገር ግን በመመዘኛ መሣሪያችን ላይ «ሆን ብሎ የተሳሳተ» የሚል ሣጥን አልተዘጋጀም። ልጆቹ ዓላማው ተነግሯቸው ቢመዘኑ ደግሞ ውጤቱ ከሌሎች ከተሞች ጋር ሊነጻጸር አይችልም። ይህን እንደ አስተማሪ እንደሚረዱልኝ አልጠራጠርም።

በሌላ በኩል መልካም ዜና አለ። «ወደኋላ የተመለሰ አእምሮ» በሚል ርእስ ያቀረብነው ውጤት በጉባኤው ከፍተኛ ትኩረት አግኝቷል፤ ብዙዎች ዓይናቸውን ሲጠርጉ ነበር። ጥናቱ ለሁለተኛ ዙር ተፈቅዷል፤ እኔም አስተባባሪ ሆኜ ተሹሜያለሁ።

ሪፖርቱ በመጽሐፍ መልክ ሊታተም ስለሆነ ለሽፋኑ አንድ ፎቶ ብቻ ቢልኩልን። ሳሊሃ የተባለችው ተማሪ በትንሿ ወንበር ላይ እንደተቀመጠች ቢሆን ጥሩ ነው። የተፈጥሮ ብርሃን ይሁን፤ ፈገግታ ባይኖር ይመረጣል።

ለአቶ ገብረዝጊ ሰላምታዬን እንዲያቀርቡልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ዶ/ር ልዑልሰገድ
የጥናቱ አስተባባሪ


መቀሌ፣ ሓድነት፣ ሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሓወይ ልዑልሰገድ፣

እንኳን ለሹመትህ አበቃህ። ዓይናቸውን ለጠረጉትም ሰዎች ብርታቱን ይስጣቸው። «እርስዎ» ወደሚለው መመለስህን አይቻለሁ፤ ሰው በር ሲዘጋ ቀስ አድርጎ መዝጋቱ ጨዋነት ነው። እኔ ግን አንተ ማለቱን አልተውም፤ ሠርግ ቤት አፍንጫህን የጠረግኩልህ እኔ ነኝ።

ሰላምታህን በተመለከተ። አራት ጊዜ ለገብረዝጊ ሰላም በይልኝ ብለሃል፤ አራቱንም አድርሻለሁ። ከቤታችን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ሩቅ አይደለም። በ2014 ኢንሱሊኑ ከከተማው ሲያልቅ እሱም ሄደ። የመጨረሻዋን ብልቃጥ ከጎረቤት ልጅ ጋር ለሁለት ተካፍሎ ነበር። ይህም ክፍልፋይ ነው። አልተቀየምኩህም። መች ጠየቅከኝ? ሰላምታ ነው የላክኸው፤ ሰላምታ ደግሞ መልስ ሳይጠብቅ ያልፋል።

ፎቶውን በተመለከተ። ሳሊሃ ትንሿ ወንበር ላይ የለችም። ግንቦት ሲያልቅ ነስረዲን መጣ። አልጮኸም፣ አልተሳደበም። «መምህር፣ ምለሽልኝ ነበር» ብሎ እጇን ይዞ ሄደ። ልጅቱ ድንኳኑን ዞር ብላ አላየችውም።

ደብዳቤህ ሲደርሰኝ ገበያ ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ እኔም አላውቅም፤ ምናልባት ላያት ሰበብ ፈልጌ ይሆናል። ልባሽ ሸሚዝ ክምር ላይ ተቀምጣ ሁለት ሴቶችን በአንድ ጊዜ በዋጋ ታከራክራለች። ስታየኝ ተነስታ ጉልበቴን ሳመች።

«መምህር፣ ብስኩቱ ሳይመጣ ቀረ አይደል?»

«ቀረ።»

«አውቄ ነበር። ያ ሰውዬ ውሃ ይደፋል፤ ውሃ የሚደፋ ሰው ምን ይሰጣል?»

«ፎቶሽን ይፈልጋሉ» አልኳት።

«ማን?»

«ታብሌት የላከው ሰው።»

ሁለተኛ ቃል አላስፈለጋትም። የያዘችውን ሸሚዝ አስቀመጠች። ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳበች፣ ትከሻዋን ጣለች፣ ዓይኗን መሬት ላይ አሳረፈች። በአንድ አፍታ ያቺ ሴቶቹን ስታከራክር የነበረች ልጅ ጠፋች። ነስረዲን ከሱቁ ውስጥ አይቶ ደንግጦ «ምን አደረጓት?» አለ።

«እንዲህ ይበቃል?» አለችኝ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ። «ወይስ ላልቅስ? የሚሰጡት ለየትኛው ነው?»

አነሳኋት። ስልኩን ተቀብላ አየችው። ብርሃኑ የተፈጥሮ ነው፤ ፈገግታ የለም፤ ልክ እንዳዘዝከው። ራሷን ነቀነቀች፤ ሥራዋ ደስ እንዳላት።

«መምህር፣ ይሄኛውንስ አለፍኩ?»

«አለፍሽ» አልኳት።

ፎቶውን ወደ ቤት ስመለስ መንገድ ላይ አጥፍቼዋለሁ። አንተ ዘንድ ቢደርስ ልጅቱ እንደገና ትወድቅ ነበር።

ብርዱ አይጉዳህ። ወንድሜ ነህና ይህን የምለው ከልቤ ነው።

እህትህ
ኣብርሀት